ችካሉ የተመታበት ግቢ

ኔሪሳ ፓልማሬስ ካባሪሃን መንደር የደረሰችው እግሯ ዝሎ፣ ቦቲ ጫማዋ በጭቃ ከብዶ ነበር። ከጠዋት ጀምራ ከሁለት ቀያሾች ጋር የሲናላካንን ወንዝ ዳር ለዳር ስትለካ ውላለች። ኢሎይሎ ከተማ ያለው መሥሪያ ቤቷ የድልድዩን የመነሻ ዲዛይን በስድስት ሳምንት አስረክባለሁ ብሎ ፈርሟል፤ ከስድስቱ አራቱን ዝናብ በልቷቸዋል። ያን ቀን የቀራት አንድ ነጥብ ብቻ ነበር፤ ድልድዩ ከወንዙ ወዲህ መሬት የሚረግጥበት ቦታ። ካርታው ላይ ሲታይ ያ ነጥብ ያረፈው አንድ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ነው።

ሽማግሌው ኢልዴፎንሶ ይባላሉ። መንደሩ ግን ትልቁም ትንሹም አያት አድርጎ «ሎሎ ፖንሶ» ነው የሚላቸው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ጠይም፣ ሲሄዱ ቀኝ እጃቸውን ወገባቸው ላይ የሚያደርጉ ሰው። ቀያሹ ቀይ ጨርቅ የታሰረበትን ችካል ከኮኮናት ዛፎቻቸው መሃል፣ በነጭ ኖራ ከተቀባ መቃብር ሁለት እርምጃ ርቆ ሲመታ ከኋላው ቆመው አዩት። ሲጨርስ ወደ ኔሪሳ ዞሩ።

«ኢንዳይ» አሏት፤ ሴት ልጃቸውን የሚጠሩ ያህል ለስለስ ብለው። «እንግዲህ በዚህ ነው የሚያልፈው?»

ትክክለኛውን መልስ ኔሪሳ ታውቀዋለች፤ ግን ረጅም ነው። የመነሻ ዲዛይን ማለት «ይሆናል» የሚባልበት ደረጃ ነው። ሦስት አራት መስመር ተሰምሮ የተሻለው የሚመረጥበት፣ ወጪው በግምት የሚያዝበት፣ አለቆች «ቀጥሉ» ወይ «ተዉት» የሚሉበት ነው። ከዚህ መሬት ሥር ምን እንዳለ እስካሁን ማንም አላየም። በእጃቸው ያለው የአፈር ምርመራ እንኳ ሁለት ኪሎ ሜትር ቁልቁል ከሚገኘው አሮጌ ድልድይ የተወሰደ ነው። መሬቱ ተቆፍሮ የሚታየው፣ እያንዳንዱ ምሰሶ ለብቻው የሚሰላው፣ መስመሩም «ይህ ነው» ተብሎ የሚቆረጠው ገና ወደፊት፣ ዝርዝር ዲዛይን ሲመጣ ነው። ይህን ሁሉ ማስረዳት ነበረባት። ጀልባው ግን ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃታል፤ ሰማዩም ጠቁሯል።

«አዎ ሎሎ» አለች። «በዚህ ነው።»

ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደ መቃብሩ አየት አድርገው እሷን ደግሞ ተመለከቷት።

«ሚስቴ ናት» አሉ። «ኮንሲንግ። ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ።»

ነገሩን የነገሯት ጀልባው ዳር ሲሸኟት ነው። ኮንሲንግን ሳንባዋን ያመማት አውሎ ነፋስ በመታ ሰሞን ነበር። ወንዙ አራት ቀን ሞልቶ አንድም ጀልባ አልደፍር አለ። ሆስፒታሉ ከማዶ ነው። በመኝታ መረብ ተሸክመው ዳርቻው ድረስ አደረሷትና ውኃው እስኪጎድል ቁጭ አሉ። በሁለተኛው ቀን፣ ማዶው እየታያት ሞተች። የመቃብር ቦታውም ከማዶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው፤ ሬሳዋም መሻገር አልቻለም። እናም ጓሮ ቀበሯት።

«ድልድይ ቢኖር ኖሮ አልልም» አሉ ሎሎ ፖንሶ። «ለሌላው ይሁን ነው የምለው።»

ኔሪሳ እንደ አገሩ የአክብሮት ሰላምታ እጃቸውን ይዛ ግንባሯ ላይ አደረገችና ወደ ጀልባው ወረደች።

ከሁለት ወር በኋላ የመነሻ ዲዛይኑ ጸደቀ። ማዘጋጃ ቤቱ ከሰነዱ ውስጥ አንዷን ገጽ፣ ባለ ቀለም ሥዕሏን፣ የግድግዳ ያህል አሳትሞ ገበያው በር ላይ ሰቀላት። ድልድዩ ነጭ ነው፤ ውኃው ሰማያዊ ነው፤ ሲናላካን በተፈጥሮው ሰማያዊ ሆኖ ባያውቅም። የክፍለ ሀገሩ ገዢ መጥተው የመሠረት ድንጋይ አስቀመጡ። ካባሪሃኖች ሥዕሏ ፊት ቆመው ቤታቸውን በጣት ይፈልጋሉ። ከታች በደቃቅ ፊደል «ለመነሻ ሐሳብ ብቻ» የሚል ተጽፏል። ያንን ለማንበብ ግን አፍንጫን ግድግዳው ላይ መለጠፍ ያስፈልግ ነበር።

ከሎሎ ፖንሶ በላይ፣ ወንዙ በሚመጣበት በኩል፣ ማናንግ ቱራ የምትባል ባሏ የሞተባት ባለሱቅ ትኖራለች። ሳሙና፣ ሰርዲን፣ በነጠላ የሚሸጥ ሲጋራና የመንደሩን ወሬ የምትይዝ ሴት ናት። ሎሎ ፖንሶ መጥረቢያቸውን ሲስሉ ያየቻቸው እሷ ናት።

«ምን ሊቆርጡ ነው ሎሎ?»

«ኮኮናቶቹን። መንገዱ ንጹሕ ሆኖ ከጠበቃቸው ቶሎ ይጀምራሉ።»

«እኔ የመጨረሻው ወረቀት መጥቶ በዓይኔ እስካይ አንዲት ሙዝ አልቆርጥም። የመንግሥት ወረቀት እንደ እርጉዝ ነው፤ ወንድ ነው ሴት ነው ሲሉ ይከርሙና ሌላ ይወለዳል።»

«ኢንጂነሯ ራሷ ነገረችኝ።»

«ኢንጂነሯ እዚህ አትኖርማ» አለች ማናንግ ቱራ፤ ሳቀችባቸውም።

አርባ ሦስት ኮኮናት ቆረጡ። ቤታቸውን ጎረቤት ጠርተው አፍርሰው ከግቢው ጥግ እንደገና አቆሙት። በኅዳር፣ የሙታን ቀን ሲደርስ፣ ከማዶ ቄሱን አስፈቅደው የኮንሲንግን አፅም አወጡ። በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በእንጨት ሣጥን አድርገው፣ በጀልባ አሻገሯት። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ማንንም ከማታውቅበት ረድፍ ውስጥ፣ ቦታ ተሰጣት።

ኔሪሳ ከዚህ አንዱንም አልሰማችም።

ተመልሳ የመጣችው ችካሉ በተመታ በአሥራ አንድ ወሩ ነው። አሁን ሥራው ዝርዝር ዲዛይን ሆኗል፤ ከእሷም ጋር መቆፈሪያ ማሽኑና ኖንግ ቴዮ የሚባለው የቁፋሮ ባለሙያ መጥተዋል። ኖንግ ቴዮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፓናይ ደሴትን መሬት የበሳ ሰው ነው። ከጀልባዋ ወርዳ ቀና ስትል ቦታው የጠፋት መሰላት። ዛፎቹ የሉም፤ ጉቶ ብቻ። ቤቱ የለም። ነጩ መቃብር የነበረበት ቦታ በአፈር የተሞላ ጉድጓድ ሆኗል፤ ሣር እንኳ አልበቀለበትም። ከሁሉ መሃል ቀይ ጨርቋን ፀሐይ የበላባት ችካል ቆማለች፤ ዙሪያዋን ድንጋይ ተደርድሮላታል።

ሎሎ ፖንሶ ከጥጉ ቤት ወጥተው ፈጠን ፈጠን እያሉ መጡ።

«አየሽ ኢንዳይ? ሥራሽን አቀለልኩልሽ።»

«መቃብሩስ ሎሎ?»

«አሻገርኳት። ምን ታድርግ፣ መኪና በላይዋ ሲሄድባት ልትውል?» ሳቁ። «ነይ፣ ሙዝ ተቀቅሏል። ሰውየውንም ጥሪው።»

ኔሪሳ የተቀቀለውን ሙዝ ተቀብላ አፏ ውስጥ ስታላምጠው ቆየች። ምናልባት ምንም አይሆንም፤ መሬቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ይሆናል። ሙዙን ዋጠችና ኖንግ ቴዮን «እንጀምር» አለችው።

መሬት የሚመረመረው እንዲህ ነው። የብረት ዘንግ ይቆምና ስድሳ ኪሎ ያለፈ መዶሻ ከላዩ እየተለቀቀ ይመታዋል። ዘንጉ አንድ ጫማ እስኪገባ ስንት ምት ጠየቀ? ቁጥሩ ከበዛ መሬቱ ጠንካራ ነው፤ ካነሰ ደካማ ነው። ከማዶ የቆፈሩት ጉድጓድ መልካም ሆነ፤ በአሥራ ሁለት ሜትር አለት ነኩ። ኔሪሳ ትንሽ ተነፈሰች። በሦስተኛው ቀን ማሽኑን ተሻግረው ችካሉ አጠገብ ተከሉት።

አራት ሜትር ድረስ ደህና ነበር። አምስተኛው ላይ ኖንግ ቴዮ እጁን አንሥቶ ሥራውን አስቆመ። ዘንጉን ትኩር ብሎ አየው። ኔሪሳም አየችው። መዶሻው ገና አልተለቀቀም፤ ዘንጉ ግን ቀስ እያለ፣ ማንም ሳይነካው፣ ወደ ውስጥ ይሄዳል።

«ኢንጂነር» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ይሄ አፈር አይደለም። የሩዝ ገንፎ ነው።»

«ቀጥልበት።»

ቀጠለ። እስከ አሥራ ዘጠኝ ሜትር ያው ጥቁር፣ የሚሸት ደለል ነበር። ከዚያ በታች ውኃ የጠገበ ልል አሸዋ መጣ። አርባ አምስት ሜትር ሲደርሱ የያዙት ዘንግ አለቀ፤ አለት የሚባል አልነኩም። በሚቀጥለው ሳምንት ከችካሉ ግራና ቀኝ ሁለት ጉድጓድ ጨመሩ፤ ሁለቱም ያንኑ ተናገሩ።

«ድሮ ወንዙ በዚህ ነበር የሚሄደው» አለ ኖንግ ቴዮ፣ ከጉድጓዱ ወጥቶ ብልቃጥ ውስጥ የገባውን ጭቃ በጣቱ እያሸ። «አልጋውን ትቶ ሄደ፤ አልጋው ግን እዚሁ ተቀብሯል።»

ሎሎ ፖንሶ በየቀኑ ወንበራቸውን አውጥተው ሥራውን ያያሉ። «እንዴት ነው፣ ያዘ?» ሲሉ፣ ኖንግ ቴዮ ወደ ኔሪሳ ያያል፤ ኔሪሳ «ገና እያየነው ነው ሎሎ» ትላለች። ውሸት አልነበረም። እውነቱም ግን ያ አልነበረም።

ኢሎይሎ ተመልሳ አምስት ሳምንት ከስሌቱ ጋር ታገለች። ቦታውን ልታድነው ፈለገች። ሌላ መሐንዲስ ቢሆን በሁለተኛው ቀን መስመሩን ያነሣው ነበር፤ እሷ ግን ስሌቱን በከፈተች ቁጥር ያ የተሞላ ጉድጓድ ፊቷ ይደቀናል። የሚቀበሩትን የኮንክሪት ምሰሶዎች አስረዘመች፤ አወፈረች፤ ቁጥራቸውን እጥፍ አደረገች። ክብደቱን መሸከሙን ተሸከሙት። የመሬት መንቀጥቀጡን ስትጨምርበት ግን አሸዋው በስሌቱ ውስጥ ውኃ ይሆናል፤ ዳርቻው እንዳለ ወደ ወንዙ ይንሸራተታል፤ ምሰሶዎቹን እንደ ሸንኮራ አገዳ እየሰበረ። በዚያ ደሴት ደግሞ መሬት መንቀጥቀጡ አይቀርም፤ የማይታወቀው ቀኑ ብቻ ነው።

አለቃዋ ኢንጂነር አርኑልፎ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። «በመነሻ ዲዛይን ላይ ስህተት ይቅር ይባላል፤ በዝርዝር ዲዛይን ላይ ግን እያንዳንዱ ብሎን ስም አለው» የምትለውም የሳቸው አባባል ናት። ወረቀቶቿን አገላብጠው አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምሰሶዎቹን አስረዝሚያቸው።»

«አስረዘምኳቸው ኢንጂነር። ችግሩ ርዝመታቸው አይደለም፤ ዳርቻው ራሱ ነው የሚሄደው።»

«ገዢው ድንጋይ ያስቀመጡበት ቦታ እኮ ነው። አሁን ሄጄ ‹ተሳስተናል› ልበላቸው?»

«‹ያኔ መሬቱን አላየንም፤ አሁን አየነው› ነው የሚባለው።»

«ያኔ ለቁፋሮ የሚሆን በጀት አልሰጡንም። እኔ ጠይቄ ነበር።» ድምፃቸው ደከመ። ከዚያ እንደ መካሪ ሆነው ቀጠሉ። «ስሚ ኔሪሳ። ከታችኛው ድልድይ የተገኘው ምርመራ አለ፤ የማዶው ጉድጓድ አለ፤ እነዚህ ሦስቱ አሉ። አማካይ ብትይዢ ያልፋል። የተከለከለ ነገር አይደለም፤ ስንቱ አድርጎታል። ደግሞ ሽማግሌው መቃብር አንሥቷል አላልሽኝም? ቢያንስ ለሱ ስትይ እዚያው ተይው።»

ይህችኛዋ ቃል ልቧን ያዘቻት። አማካዩን ሠራችው። የማዶው አለት ቁጥሩን ሽቅብ ጎተተውና አለፈ። ገጹ ንጹሕ ሆኖ፣ ቁጥሩ ሁሉ ከሚፈለገው በላይ ሆኖ ወጣ። መፈረም ብቻ ነው የቀራት። ሁለት ቀን ከመሳቢያዋ ውስጥ ተኛ።

በሦስተኛው ቀን ከቢሮው ሥር ባለች ምግብ ቤት ለምሳ ተቀመጠች፤ ባትቾይ የሚሉት የኑድል ሾርባ ቀረበላት፤ ሾርባው ላይ ያለው ስብ እስኪረጋ አልነካችውም። ድልድዩ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚረግጠው ማን እንደሆነ አሰበች። ገዢው ሪባን ቆርጠው በመኪናቸው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ግን እሑድ እሑድ በእግራቸው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ሚስታቸውን ለመጠየቅ በዚያ ምሰሶ ላይ የሚሄዱት ሎሎ ፖንሶ ናቸው። ለሳቸው ስትል ነው መስመሩን እዚያው የምትተወው፤ እሳቸውንም ነው ከላዩ የምታስሄደው።

የምግብ ቤቷ ባለቤት «ምነው ኢንዳይ፣ አልጣፈጠም?» ስትላት ሒሳቡን ከፍላ ወጣች። አማካዩን ቀደደችው። መስመሩን መቶ ሰማንያ ሜትር ወደ ላይ፣ አለት ከወንዙ ዳር ብቅ ወዳለበት ቦታ፣ ወሰደችው። ቦታው የማናንግ ቱራ ጓሮ ነው።

ኢንጂነር አርኑልፎ ሁለት ቀን አላናገሯትም። በሦስተኛው መጥተው፣ «ልክ ነሽ» አሉ፤ አጠር አድርገው። «አሠሪውን ሚኒስቴር እኔ አናግረዋለሁ። አንቺ ግን መንደሩ አትሂጂ። ለሽማግሌው ደብዳቤ በቀበሌው በኩል ይደርሰዋል።»

«እኔ ነኝ ‹በዚህ ነው› ያልኩት።»

«እኮ ለዚህ ነው አትሂጂ የምልሽ።»

መስመሩ ጸድቆ ደብዳቤዎቹ በወጡ በሳምንቱ ግን ሄደች። ጠዋት ጂፕኒ በሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ፣ ከዚያ በጀልባ። ሎሎ ፖንሶ የአሳማቸውን በረት ሲያጥቡ አገኘቻቸው። ባልዲውን አስቀመጡና ወንበር ሊያወጡ ሲሉ ቆማ ነገረቻቸው። ሳታለባብስ፣ ከመጀመሪያው። መሬቱ እንደማይሸከም። መስመሩ ወደ ማናንግ ቱራ እንደሄደ። በዚህ ግቢ ምንም እንደማያልፍ።

ሽማግሌው ጉቶዎቹን አዩ፤ አንድ በአንድ የሚቆጥሯቸው ይመስል ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ በመጨረሻ። «ያን ቀን ችካሉን ስትመቱ፣ ታውቂ ነበር?»

«ቦታው መጥፎ መሆኑን አላውቅም ነበር ሎሎ። እርግጠኛ አለመሆናችንን ግን አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አዎ አልሽኝ?»

በጀልባው ላይ ስታዘጋጀው የመጣችው መልስ ነበራት፤ ስለ መነሻ ዲዛይንና ስለ ዝርዝር ዲዛይን፣ ስለ በጀት። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ደክሞኝ ነበር። ጀልባውም እየጠበቀኝ ነበር።»

«ለጀልባ ብለሽ» አሉ ሎሎ ፖንሶ።

አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻላት ነበር። «እኔ ‹ምናልባት› ቢሉኝ ይገባኛል እኮ። ዓሣ አጥማጅ ነበርኩ፤ ዕድሜዬን በምናልባት ነው የኖርኩት። ‹ምናልባት በዚህ፣ ምናልባት በዚያ› ብትይኝ ኮንሲንግን አልነካትም ነበር።» ባልዲያቸውን አነሡ። «አሁን ሂጂ ኢንዳይ። ጀልባው ይጠብቅሻል።»

ወደ ወንዙ ስትወርድ ማናንግ ቱራ ከሱቋ በር ጠራቻት። ደብዳቤው ለእሷ አስቀድሞ ደርሷታል።

«እንግዲህ የመጨረሻው ወረቀት ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው ማናንግ።»

«የመጨረሻው የመጨረሻ?»

«አለቱን ነክተናል። ማኅተም አለው።»

ማናንግ ቱራ ወረቀቱን አጣጠፈችው። ፊቷ ላይ የደስታ ምልክት አልነበረም። «ዓመት ሙሉ ስስቅባቸው ነበር። ‹ሞኙ ሎሎ› እያልኩ። አሁን ደግሞ ካሣው ለኔ፣ ጉቶው ለሳቸው። በፊታቸው ማለፍ አፈርኩ፤ ጨው ሊገዙ ሲመጡ እንኳ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣለሁ።» ከዚያ ኔሪሳን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «አንቺስ? ዝም ብለሽ ልትሄጂ ነው?»

ዝም ብላ አልሄደችም። የካሣው ደንብ ግልጽ ነው፤ የሚከፈለው በመጨረሻው መስመር ላይ ላለ ንብረት ብቻ ነው። ሎሎ ፖንሶ ዛፎቹን የቆረጡት ማንም ሳያዛቸው፣ ከመስመሩ ውጭ ነው፤ ስለዚህ በወረቀት ቋንቋ ምንም አልደረሰባቸውም። ኔሪሳ ለሚኒስቴሩ ደብዳቤ ጻፈች። በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ ችካል አስመትቼ፣ ባለይዞታው ሲጠይቁኝ መስመሩ የተቆረጠ አስመስዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ እንዳልተቆረጠ አውቅ ነበር፤ ጉዳቱ የደረሰው በኔ ቃል ነው፤ አለች።

ኢንጂነር አርኑልፎ ግልባጩን ይዘው ከጠረጴዛዋ ፊት ቆሙ።

«ይህን ከላክሽ መሥሪያ ቤቱ ጥፋቱን አመነ ማለት ነው። እዚህ ላቆይሽ አልችልም።»

«ገብቶኛል ኢንጂነር።»

«እኔም ፈርሜበታለሁ እኮ፣ በመነሻው ሰነድ ላይ። እኔንም ነው የምትጎትቺኝ።»

«የርስዎን ስም አላነሣሁም።»

«አንብቤዋለሁ» አሉ። ግልባጩን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ደብዳቤውን የላከችው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ወሩ ሲያልቅ ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ወረደች።

የዛፎቹ ካሣ ተፈቀደ፤ ለመድረስ ግን ዓመት ከመንፈቅ ወሰደበት። ስለ መቃብሩ የተጻፈ መልስ አልመጣም፤ ቅጹ ላይ ለሱ የሚሆን ቦታ አልነበረም። ኔሪሳ በአንዲት ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የውኃ ማፋሰሻ ቦይ የምትነድፍ ሆነች። ደመወዙ ግማሽ ነው። እናቷ «ሰው በራሱ ላይ ይመሰክራል?» እያለች ስትቆጣት ከረመች። አንዳንድ ቀን ኔሪሳም እናቷ ልክ ሳትሆን አትቀርም ብላ ታስባለች።

ካሣው የተከፈለ ሰሞን አንዴ ወደ ካባሪሃን ሄዳ ነበር። የማዶውን ቄስ ቀድማ አነጋግራ፣ ሎሎ ፖንሶ ከፈለጉ የኮንሲንግ አፅም ወደ ግቢዋ ሊመለስ እንደሚችል ፈቃድ ይዛ ነው። የሣጥኑንም የጀልባውንም ወጪ ልትችል ነበር። ሽማግሌው ከጉቶዎቹ አንዱ ላይ ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። ነገሩን እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

«አይ» አሉ። «አንዴ ተሻግራለች። ሰው ስንት ጊዜ ይሻገራል?»

«እዚህ ሆና ጠዋት ጠዋት ያነጋግሯት እንደነበር ማናንግ ቱራ ነገረችኝ።»

«ቱራ የማትነግርሽ ነገር የለም።» መረቡን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ቀዳዳውን አዩ። «አሁን እሑድ ነው የምናወራው። ብዙ ነገር ይጠራቀማል።» ቀና ሳይሉ፣ «ያችን ክር አቀብይኝ» አሏት።

አቀበለቻቸው። ይቅር አላሉም፤ እሷም አልጠየቀችም። ሲመሽ እስከ ጀልባው አልሸኟትም።

ድልድዩ ተሠርቶ ያለቀው ከዚያ በኋላ በሁለት ዓመት ነው። ከአለቱ ላይ ቆሞ፣ በማናንግ ቱራ ጓሮ መሬት ረግጦ። ሥዕሉ ላይ እንደነበረው ነጭ አይደለም፤ የኮንክሪት መልክ ነው ያለው። ኔሪሳ ምርቃቱ ላይ አልነበረችም። ማናንግ ቱራ ግን ስልክ ደውላ ነገረቻት፤ ገዢው ስንት ሰዓት እንደዘገዩ፣ ሱቋን ወደ መንገዱ ዳር ምን ያህል እንዳስፋፋች፣ ለስላሳ በአንድ ቀን ስንት ሣጥን እንዳለቀላት።

«ሎሎስ?» አለች ኔሪሳ።

«እሳቸው እሑድ እሑድ በጀልባ ነው የሚሻገሩት። ድልድዩን በዓይናቸውም አያዩትም። ሰው እየሄደበት፣ ሞተር ብስክሌት እየሄደበት፣ እሳቸው ታች ቆመው ጀልባ ይጣራሉ። ጀልበኛውም ለሳቸው ሲል ብቻ ነው የሚመጣው፤ ሌላ ተሳፋሪ የለውም።»

ለአምስት ወር ያህል እንዲህ ሆነ። ከዚያ ጀልበኛው ሞተሩን ሸጠና ወደ ከተማ ገባ። በሚቀጥለው እሑድ ሎሎ ፖንሶ ንጹሕ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው በሱቁ በር አለፉ። ማናንግ ቱራ ከበሩ ገለል አለችላቸው። የድልድዩን ዳር ይዘው፣ በመሃል አንዴ ቆም ብለው ቁልቁል ውኃውን አይተው፣ ተሻገሩ።